«ይህን ዝግጅት ያቀረበላችሁ»፦ ስለ ስፖንሰርነት ሥርዓት አጭር ጥናት

ስፖንሰርነት በአገራችን ቴሌቪዥን የራሱ ማዕረግ፣ የራሱ ወግና የራሱ ነውር ያለው ሥርዓት ነው። ተመልካቹ ግን ሰዓቱን ወጥ ለማማሰል ስለሚጠቀምበት በወጉ አልተጠናም።

በማዕረግ እንጀምር። የበዓል ፕሮግራም ሲከፈት፣ ቄጠማውም ድምፃዊውም ሳይታዩ ስፖንሰሮቹ ይጠራሉ። ዋናው ስፖንሰር በወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ተብሎ፣ ከነመፈክሩ ይነበባል። ተባባሪዎቹ መፈክር የላቸውም። የተቀሩት «እንዲሁም» ከምትለው ቃል በኋላ በአንድ ትንፋሽ ያልፋሉ። ከ«እንዲሁም» ወዲያ የተጠራን ድርጅት ስም ለይተው የሚሰሙት ባለቤቱና የባለቤቱ እናት ብቻ ናቸው።

ጥናቱ በዋናነት ያተኮረው በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው የታሸገ ውኃ ላይ ነው። ውኃው ክዳኑ አይከፈትም፤ ስሙ ምንጊዜም ወደ ካሜራው ይዞራል። እንግዳው ስለ ስደቱ ይናገራል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ ያለቅሳል። ሶፍት ይቀርብለታል (የሶፍቱም ካርቶን ስሙን ወደ ካሜራው አዙሯል)። ውኃውን ግን አይነካም። ለዚህ ሁለት ማብራሪያ መስጠት ይቻላል። አንደኛው ቴክኒካዊ ነው፦ ጠርሙሱ ከጎደለ ከእረፍት በፊትና በኋላ የተቀረጸው አይገጥምም። ሁለተኛውና እኔ የምደግፈው፣ ውኃው ለእንግዳው አልቀረበም፤ እንግዳው ነው ለውኃው የቀረበው።

ታሪኩ በሁለት ዘመን ይከፈላል፤ ዘመነ ቢራና ድኅረ ቢራ። ወሰኑ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከዚያ በፊት በዓሉም፣ ኳሱም፣ ኮንሰርቱም የቢራ ነበር፤ ጓደኛሞች ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራ ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ። አዋጁ ሲወጣ እነዚህ ጓደኛሞች ሥራ ፈቱ ብሎ የሰጋ ካለ ተሳስቷል። ያው ተራራ፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ሳቅ ለባንክና ለአፓርታማ ተላልፏል። ብርጭቆ ያጋጩ የነበሩ እጆች ዛሬ የቤት ቁልፍ ይቀባበላሉ፤ ቤቱ ግን ገና በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው። ሰው በቁጠባ ደብተር ያን ያህል እንዲስቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። አንዳንዱ ቢራ ደግሞ አረፋውንም ጠርሙሱንም እንደያዘ፣ አልኮሉን ብቻ ትቶ ተመልሷል።

የአቅራቢዋ ቀሚስ፣ ሜካፕና ፀጉር ሦስት የተለያዩ ስፖንሰሮች አሏቸው፤ ጥያቄዎቹ ግን የራሷ ናቸው።

በተከታታይ ድራማ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ባል ከበስተኋላዋ ቆሞ ስልኳን እያነበበ ነው፤ ሚስት ቀስ ብላ ዞራለች፤ ይህኔ የሕፃናት ዳይፐር ይገባል። ዳይፐሩ ከሴራው ጋር ግንኙነት ያለው መስሎኝ ክፍሎቹን በትዕግሥት ተከታትያለሁ። የለውም።

የመጨረሻው ደንብ አድራሻን ይመለከታል። የመንገድ ስም አይጠራም፤ ድርጅቱ «ከታክሲ ማዞሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከቀድሞው ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት» ይገኛል፤ ማደያው ከፈረሰ ቆይቷል። ስልኩ ሁለት ጊዜ ይነበባል። በመጀመሪያው ንባብ ተመልካቹ እስክሪብቶ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ደግሞ እስክሪብቶው አይጽፍም።