የአፍ ወለምታ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። ልጅቷ «ፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ» ብላ አበሰረች። ከጎረቤቶቹ አንዷ ጥቂት አሰብ አደረጉና «እንግዲያ ወጌሻ ልትሆኚ ነዋ!» አሏት። እናቷ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ኧረ ዶክተር ነው የምትሆነው!» ሲሉ አረሙ።

እናትየዋ አልተሳሳቱም። አሜሪካ ውስጥ የሙያውን ትምህርት ቤቶች የሚመዝነው ኮሚሽን ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕውቅና የሚሰጠው በዶክትሬት ለሚያስመርቁት ብቻ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ይማሩና ብሔራዊውን የፈቃድ ፈተና ይፈተናሉ። ጎረቤቲቱም ቢሆኑ ከእውነቱ ብዙ አልራቁም፤ የደረቀ ጉልበት የሚፍታታው በእጅ፣ በትዕግሥትና በባለቤቱ ፈቃድ መሆኑን ወጌሻም ያውቀዋል።

ፒቲካስ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ በጁን ይከፈትና ትራንስክሪፕቱን፣ የድጋፍ ደብዳቤውን፣ በባለሙያ ሥር ሆነው ሥራውን የተመለከቱበትን ሰዓት ሁሉ ይጠይቃል። ልጅቷ ሰዓቷን ያጠራቀመችው ፎጣ በማጠፍ፣ አልጋ በመወልወልና ጉልበታቸው በብረትና በፕላስቲክ የተተካ አንድ አዛውንት እግራቸውን ሲያነሱ በመቁጠር ነው። ሰውየው ሰባተኛው ላይ ሳሉ «አሥራ ሁለት!» ይላሉ። እሷ «ሰባት» ትላለች። እንዲህ ሲከራከሩ ከርመው አንድ ቀን ሰውየው ከዘራቸውን ወንበር ላይ ረስተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከዘራውን ይዛ ስትሮጥ ነው ይህ ሙያ የገባት።

ይህን ታሪክ ለጠያቂዎቹ መንገር ነበር የሚሻላት። ችግሩ አስተዳደጓ ነው። «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ለአሜሪካዊ ልጅ የተከፈተ በር ነው። እንግዳ ሲመጣ አንገቷን ደፍታ እጅ ስታስታጥብ ላደገች ልጅ ግን ዱብ ዕዳ ነው። መጀመሪያ የሞከረች ዕለት ስልኳን ከፊቷ አቁማ ራሷን ቀረጸች። አባቷ ታክሲ እየነዱ እንዴት እንዳሳደጓት፣ እናቷ ሆቴል ውስጥ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ምን ያህል ደግ እንደነበሩ ተናገረች። ለመልሱ የመደበችው ሁለት ደቂቃ አለቀ። እሷ ገና አልተወለደችም።

አጎቷ ጋቢያቸውን ደርበው ጠያቂ ልሁን አሉ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እዚሁ ተሳስተሽ ጨርሺ» ብለው ጀመሩ። «ለምን ሜዲስን አልሆነም?» የሚለውን ጥያቄ እውነተኞቹ ጠያቂዎችም ይወዱታል፤ አጎትየው ግን የጠየቁት ከልባቸው ተቆጭተው ነበር። «ድክመትሽስ?» ሲሏት፣ ከጓደኞቿ እንደሰማችው «ሁሉንም ነገር ፍጹም ካላደረግሁ አይሆንልኝም» አለች። የመግቢያ ኮሚቴዎች ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰሙት አንድዬ ይወቀው። አጎትየው «ይኼማ ጉራ ነው፤ ድክመት የለብኝም በያቸው» ብለው ወሰኑ። ሁለቱም አይረቡም። የሚያዋጣው ትንሽም ቢሆን እውነተኛ ጉድለት ተናግሮ፣ ምን እያደረጉበት እንደሆነ ማሳየት ነው። ለምሳሌ ይህቺ ልጅ ሰው ሳይጨርስ ጣልቃ ትገባለች።

ይህ ጉድለት የወጣው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ከካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በመጣ ዘዴ ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አመልካችን በአንድ ኮሚቴ ፊት አስቀምጦ ከመፍረድ ይልቅ ከክፍል ክፍል ማዘዋወርን አቀረቡ። በር ላይ አንድ ገጠመኝ ያነባል፣ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ ደወል ይደወላል፣ ወደሚቀጥለው። አንዱ ጠያቂ ፊቱን ባይወደው ሌላው ሊወደው ይችላል። አጎትየው ቤቱን በዚሁ መልክ አደራጁት፤ ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ «እንቅስቃሴ አልሠራም» የሚሉ በሽተኛ ሆነው ተመደቡ።

ልጅቷ ገብታ ስለ ጭን ጡንቻ፣ ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ ክብደት ማስረዳት ጀመረች። እናቷ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ «አትቆጪኝ» አሉ። ደወሉ፣ ማለትም የአጎትየው ማንኪያ፣ ተንጫረረ። ሁለተኛ ገባች። አሁን ዝም አለችና «እማዬ፣ መቼ ነው የሚብስብሽ?» ብላ ጠየቀች። እናትየዋ ቢላዋውን አስቀመጡ። ደረጃ ሲወርዱ ነው። ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ይልቅ ዞረው በአሳንሰሩ መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ለማንም አልነገሩም። ትወናው እዚያ ላይ አበቃ። ልጅቷ በ50ውም ግዛት በአንድም በሌላም መልኩ ያለ ሐኪም ደብዳቤ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ መሄድ እንደሚቻል ስትነግራቸው እናትየዋ አላመኑም፤ የኢንሹራንሱ ጣጣ ለብቻው ነው። አጎትየው ደግሞ ማንኪያውን ይዘው በር ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

በአንድ ነገር ላይ ግን አጎትየው ምክራቸው የሚያስኬድ አልነበረም። «ስለ ወጌሻ እንዳታነሺ፤ ኋላ ቀር ይሉናል» አሉ። «የአገሩን ባህላዊ ሐኪም የሚያምን በሽተኛ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ለሚል ጥያቄ ግን ከእሷ የተሻለ የሚመልስ ከየት ይመጣል? የአያቷን የወለቀ ትከሻ በቅቤ እያሹ የመለሱት ወጌሻ ናቸው። ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ አጥብቆ የታሰረ የቀርከሃ ስንጥር ደም ዘግቶ እጅና እግር እንደሚያስቆርጥ ደጋግመው ጽፈዋል። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው በበሽተኛው አያፌዝም፤ ማሰሪያው ጠብቆ እንደሆነም ጣቱን አይቶ ይጠይቀዋል።

አጎትየው የካሱት በታሪክ ነው። የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የተመሠረተው በጃንዋሪ 15 ቀን 1921 ማንሃተን ውስጥ፣ ኪንስ በተባለ ሥጋ ቤት መሆኑን ሲያነቡ ሙያውን ሙሉ በሙሉ ይቅር አሉት። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማክሚላን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ያስታመመችው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ነበር፤ አሮጌው ግቢ ደግሞ ከእነሱ ሠፈር በሚወርደው በዚያው በጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው። «ጎረቤታችን ናት እኮ!» አሉ።

ቃለ መጠይቁ በዙም ሆነ። እናትየዋ ከልጃቸው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የምረቃዋ ፎቶ፣ መሶብና የኢትዮጵያ ካርታ እንዲታዩ ብዙ ደከሙ፤ በመጨረሻ ካርታው ብቻ ጸደቀ። ልጅቷ ስለ ከዘራው ተናገረች። «አንቺስ የምትጠይቂን አለ?» ሲሏት «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ልትል የነበረውን ዋጠችና ተማሪ ለተግባር ልምምድ የሚመደብበት ክሊኒክ እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቀች። የፈቃድ ፈተናውን የሚያልፉት ተመራቂዎች መጠንና ክፍያው በየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መውጣቱ ግዴታ ስለሆነ እሱን መጠየቅ አለማንበብን ማሳበቅ ነው። አንደኛው ፕሮፌሰር በጥያቄው ተደስተው ሲያወሩ ሰዓቱን አለፉት።

እናቷ በር ላይ ጠበቋት። «ድክመትሽን ነገርሻቸው?»

«አልጠየቁኝም።»

«ምነው እኔን በጠየቁኝ!» አሉ እናትየዋ፣ ወደ ወጥ ቤቱ እየገቡ።