ዳኛ ባይኖር ኖሮ

እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ አጠገብ በስታድ ደ ፍራንስ ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 ረትታ የራግቢ ዓለም ዋንጫን ስታነሳ፣ የተሸናፊው ደጋፊ ባንድ ሌሊት የሕግ ሊቅ ሆኖ አደረ። የራሱ አምበል የሳም ኬን ቢጫ ካርድ ወደ ቀይ ሲያድግ «ግፍ!» አለ፤ የተጋጣሚው አምበል የሲያ ኮሊሲ ቢጫ እዚያው ቢጫ ሆኖ ሲቀር ደግሞ «አላልኳችሁም?» የኒውዚላንዱ አሮን ስሚዝ በትራይ ያስቆጠረው ነጥብ፣ ቀደም ሲል ኳስ ከእጅ ወደፊት አምልጣለች ተብሎ ሲሰረዝማ፣ ዳኛው ዌይን ባርንስ ከነዘር ማንዘሩ ተነሳ። ሪቺ ሞዉንጋና ጆርዲ ባሬት በሁለተኛው አጋማሽ ስለሳቷቸው ሁለት ምቶች ግን ዝም ነው፤ የቤት ልጅ ይታማል እንዴ? ባርንስ በቀናት ውስጥ ፊሽካውን ሰቀለ። ደጋፊው ግን ይኸው ዛሬም ቪዲዮውን እየመለሰ ያያል፤ ውጤቱም ዛሬም 12 ለ 11 ነው።