ኮምፕሬሰር ገዝቶ ሰፈር ማስለቀቂያ

የብስክሌትህ መሪ ላስቲክ አለቀ እንበል። መዳፍህን ያጠቁራል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ በእጅህ ውስጥ ይሽከረከራል። ሌላ ሰው ቢሆን ጥግ ላይ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ብቅ ይላል። ልጁ የአየሩን ቀጭን ጫፍ ከላስቲኩ ከንፈር ሥር ሰክቶ አንዴ “ጺስ” ሲያደርግ ላስቲኩ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይወጣል፤ አዲሱም በዚያው መንገድ ይገባል። አንዳንድ የጎልፍ ተጫዋቾችም የዱላቸውን መያዣ የሚቀይሩት በዚሁ ዘዴ ነው። እኛ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ያለነው ግን ጣጣችን ብስክሌትና ባጃጅ ነው።

አንተ ጎሚስታ ዘንድ አትሂድ። ለሰው ሳንቲም ከምትሰጥ ኮምፕሬሰር ግዛ።

ሱቅ ስትገባ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ስንት ፈረስ ነው?” በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ሥራ የፈታ ነው ወይ ሊገዛ አልመጣም። ባለ ሱቁ “ሦስት ፈረስ፣ ኦሪጅናል ጣሊያን” ካለህ፣ ካርቶኑ ላይ ሌላ አገር ተጽፎ ብታይ እንኳ ዝም በል፤ ሰው አይታረምም። ሰሌዳው “በደቂቃ 200 ሊትር” ካለህም እመነው። ቁጥሩ ፒስተኑ የሚስበውን እንጂ ከቧንቧው የሚወጣውን አይናገርም፤ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሲሶ ያህል ጎድሎ ነው። በዚያ ላይ ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና የሚሳበው አየር ራሱ የሳሳ ነው። ይህን የሚነግርህን ሰው “ምቀኛ” በለው።

ታንኩን በቁመቱ ምረጥ። ለአንድ መሪ ላስቲክ የሚበቃው የሁለት ሦስት ሰከንድ ትንፋሽ ነው፤ ባለ 24 ሊትሩ 8 ባር ሲሞላ 190 ሊትር ያህል አየር ያቁራል፣ ለሰፈሩ ብስክሌት ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ ባለ 100 ሊትሩን ውሰድ። በግቢው በር ካልገባ አከራይህ በሩን ያስፋ።

ቺንጋ ያለው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ድምፁ የሚቻል ነው፤ እሱን ተወው። ሞተሩ ላይ በቀጥታ የተገጠመውን፣ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ገደማ የሚዞረውን ምረጥ። ሰዓቱንም እወቅበት፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ጀልባዎቹ ሳይመለሱ፣ ከጎረቤትህ የመኝታ መስኮት ሥር አስነሳው። ሕፃን ያለበት ቤት ቢሆን ይመረጣል።

ዘይት የሚጠጣ ከሆነ ከባጃጁ የተረፈውን ጨምርበት። መስታወቱ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ጌጥ ናት።

መብራትን በተመለከተ የቴሌቪዥኑ ኤክስቴንሽን ይበቃል። ሳትፈታ፣ እንደተጠቀለለ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ግቢው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ብታስነሳው ሞተሩ “እምምም” ብሎ ይቆማል፤ ተወው፣ እምም ይበል። ስትጨርስ በማጥፊያው አታጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል። በማጥፊያው ብታጠፋ ፒስተኑ ላይ የቀረው አየር “ፍስስ” ብሎ ይወጣና ሞተሩ በሚቀጥለው ቀን ያለ ጭነት ይነሳል፤ ብትነቅለው ግን አየሩ እዚያው ታፍኖ ያድራል፣ ሞተሩም ጠዋት እየገፋው ሊነሳ ሲታገል ይቃጠላል። ሁለት ጊዜ አስጠቀለልከው እኮ፣ ሰውዬ! ሁለት ጊዜ! ማጥፊያው ቀይ ነው፣ የእንቁላል ያህል ነው፣ ፊትህ ነው!

ይቅርታ። ወደ ምክሩ።

የአየር መለኪያው ሰዓት ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፤ አንዱ ባር፣ አንዱ ፒ.ኤስ.አይ። የፈለግከውን አንብብ። የግቢያችን ባለ ኮምፕሬሰር በነፃ ልንፋልህ ብሎ ብስክሌቴን ከእጄ ሲቀበል፣ ጎማው ጎን ላይ 50 ፒ.ኤስ.አይ መጻፉን በጣቴ አሳየሁት። “አውቃለሁ ጋሼ” አለኝ። ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ። “ኧረ ይበቃል!” ስለው “አይዞህ፣ ገና አምስት ነው” አለ። አምስቱ ባር ነው፤ 72 ፒ.ኤስ.አይ ማለት። ጎማው ሲፈነዳ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ፣ እኔ በግራ ጆሮዬ እስከ ማታ ፉጨት ስሰማ ዋልኩ። እሱ ምን አለ? “ጎማው ድሮም አርጅቶ ነበር።” ይህችን ዓረፍተ ነገር ሸምድዳት፤ ከመሣሪያው ጋር በነፃ የምትመጣ ዕቃ ናት።

ያቺ ቀለበት ያላት ትንሽ ቫልቭ እያፏጨች ካስቸገረችህ በሽቦ እሰራት። አይ፣ ይህስ ለፌዝም አይሆንም፤ አትንካት። አየሩ ከልክ ሲያልፍ የምትተነፍስልህ እሷ ናት፤ እሷን ያሰርክ ቀን ግቢ ውስጥ ቦምብ አጠመድክ ማለት ነው፣ ከጎኑ ደግሞ ልጆች ብይ ይጫወታሉ። ሌላውን ሁሉ እንዳሻህ አበላሽ።

ለምሳሌ ከታንኩ ሆድ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን። አየር ሲታመቅ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ታች ይጠራቀማል፣ ሐይቅ ዳር በክረምት ደግሞ ይብሳል። በየሥራው ማብቂያ አንዴ ከፈት ቢያደርጓት ዝገት የመሰለ ቡናማ ውኃ ትተፋለች፣ አለቀ። አንተ ግን ጎንበስ አትበል፤ ወገብህን ያምሃል። ታንኩ ከውስጥ ይዛግ፤ ከውጭ ቀለሙ አሁንም ቀይ ነው፣ የሚገዛውም ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው።

መሸጥህ አይቀርምና “ብዙም ያልተሠራበት” ብለህ ለጥፍ። ገዢው ሲመጣ ቡና አቅርብለት፣ ስንት ፈረስ እንደሆነ ንገረው፣ ጠጋ ብሎ ይንካው። ሲጭነው ግን አንተ ራስህ ያዝለት፤ እንዳያዘነብለው፣ ውኃው ይሰማል።