የማይክ ገመድ ያዡ

የኪነት ክበብ አባል የሚኮነው ጥበብ ጠርቶ ነው የሚል ካለ፣ ወይ ግቢ ውስጥ አልኖረም፣ ወይ የክበቡ ሊቀመንበር ነበር። እኛ የገባነው ለወረቀቷ ነው። «ልምምድ ላይ ስለሆነ ትብብር ይደረግለት» የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት፣ በር ከተዘጋ በኋላ በጥበቃዎቹ ፊት ደረት ተነፍቶ የሚታለፍባት ወረቀት። ከዝግጅት በኋላ ደግሞ ሚሪንዳና ቦምቦሊኖ አለ። ለፍሬሽ ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ጥበብ አለ?

የፈተናው ቀን ግን ጭንቅ ሆነ። ድምፅ የለኝም። እስክስታ ስሞክር የሚንቀሳቀሰው ትከሻዬ ሳይሆን ጆሮዬ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ግቢው ውስጥ ከመቆየቱ ብዛት መምህራኑ ሳይቀሩ አንቱ ሊሉት የሚዳዳቸው ጂሲ (ተመራቂ)፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ፣ ገመድ ትይዛለህ» አለኝ። በዚህ ዓይነት የማይክ ገመድ ያዥ ሆንኩ።

ይህን ሥራ የሚንቅ አይጠፋም። ዘፋኝ ሲባል ወደ ተመልካቹ መሀል መውረድ ይወዳል። ገመዱ በጊዜው ካልተለቀቀለት ማይኩ ከእጁ ይሾልካል፤ በዝቶ ከተለቀቀ ሲመለስ ይጠለፍበታል። ሲብስም ስፒከሩ ፊት ሄዶ ይገተራል። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይውጣል፣ ስፒከሩ ያንኑ አጉልቶ ይተፋል፣ እሱን ደግሞ ማይኩ ይውጣል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ፉጨታቸውን ሲለቁት አዳራሹ በሙሉ ጆሮውን ይይዛል። ያኔ ዘፋኙን ሳያስነቁ በገመድ ጎተት አድርጎ ማዞር የእኔ ፋንታ ነው። «አዳራሽ» ያልኩት ለክብር እንጂ የተማሪ ካፌ ነው፤ ጠረጴዛው ተገፍቶ፣ የምሳው ሽሮ ሽታ ገና ሳይወጣ።

ገመድ ይዞ ጥግ የቆመ ሰው ተመልካች የማያየውን ያያል። ለምሳሌ በእኛ ግቢ ያለ ዋሽንት ግጥም የሚያነብ አልነበረም። ምክንያቱን የደረስኩበት ከጎን ሆኜ ነው። ገጣሚው ስንኙ ሲጠፋበት ዋሽንተኛውን ይጠቅሰዋል። ዋሽንቱ ከፍ ይላል። ገጣሚው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ይከታል። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች «ውይ፣ አንጀቴን በላው!» ይላሉ። ልጁ ወረቀቱን እየፈለገ ነው።

ይህ የግጥም ነገር ግቢ ውስጥ ጥንትም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች «የኮሌጅ ቀን» በሚሉት በዓላቸው ግጥም የሚያነቡት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ የቀረበው እዚያ መድረክ ላይ ነው። ያኔ ገጣሚ ከመድረክ ሲወርድ ቁም ነገር ያለው ጭንቀት ነበረው። የእኛው የሚጨነቀው ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ያለችው ልጅ መምጣቷንና አለመምጣቷን ነው። ተመልካቹም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪው በተቃውሞ እንቁላል ወርውሯል። ይህን ታሪክ ዶርም ውስጥ ያወራሁ ቀን ጓደኞቼን ያስደነቃቸው ተቃውሞው አይደለም። «እንቁላል? የካፌ እንቁላል? ለሰው?» ነው ያሉት። ስንት ቀን ተጠብቃ የምትመጣን እንቁላል መወርወር ለእኛ ትውልድ ከአብዮትም በላይ ነው።

የክበቡ ትልቁ ፈተና ግን ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነበር። የአገሩ ጭፈራ በሙሉ መቅረብ አለበት፤ ጨፋሪው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከሁሉም ሸክሙ የወደቀው ሜካኒካል በሚማር አንድ ልጅ ላይ ነው። በጎንደር እስክስታ ገብቶ ይወጣል፤ የመድረክ መሪው ስለ አንድነት ሲናገር እሱ ከመጋረጃ ኋላ ሱሪ ያወልቃል። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለውን ዱንጉዛ ለብሶ በወላይታ ይመለሳል። የመድረክ መሪው አንድነቱን ይጨርስና ስለ ልማት ይጀምራል፤ ልጁ ቁልፍ እየቆለፈ ወደ ጉራጌ ይሮጣል። አንድ ጊዜ ራሱ ላይ የኦሮሞ፣ ወገቡ ላይ የወላይታ፣ እግሩ ላይ የራሱን ስሊፐር አድርጎ ወጣና ካፌው በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ ወንበር ያለ የጉራጌ ልጅ ብቻ «እግሩን እንደዚያ አያነሳም እኮ!» እያለ ተብሰለሰለ። ና አሳየን ቢባል ፈተና አለብኝ አለ። በማግስቱ ጨፋሪውን እንዴት አደርክ ብለው «ትከሻዬ ጎንደር፣ ወገቤ ሶዶ፣ እግሬ ወልቂጤ ነው ያደረው፤ ዶርም የተኛው ጭንቅላቴ ብቻ ነው» አለኝ።

ኢንጂነሪንግ እየተማረ ኪነት ውስጥ የገባ ሁሉ ቤተሰብ ፊት የሚመዛት አንድ መከላከያ አለችው፤ ሙላቱ አስታጥቄ። እውነት ነው፤ ሙላቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና ሊማር ነበር። ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገባ፣ ኢትዮ ጃዝ ተወለደ። ዘፋኛችን ይህን ሁሉ ለአባቱ በስልክ ሲያስረዳ አጠገቡ ነበርኩ። አባትዬው ዝም ብለው ከሰሙት በኋላ «ጥሩ፤ እሱ ቪብራፎን ይዞ መጣ። አንተ ምን ይዘህ ነው የምትመጣው?» አሉት። ኤፍ ይዞ ነበር።

እንግዲህ ክበቡን እንዲህ እያማሁት፣ በግቢ ቆይታዬ የሰማሁት እውነተኛ ሙዚቃ ግን አንዱም የእኔን ገመድ አልፈለገም። የዶርም ጓደኛዬ ክራር ነበረው። ከቅኝቶቹ ሁሉ የተሳካለት ትዝታ ብቻ ስለሆነ ባቲውንም፣ አንቺ ሆዬውንም፣ የሠርግ ዘፈኑንም ወደ ትዝታ እየጎተተ ሙሽራውን ያስለቅሰዋል። የካልኩለስ ፈተና ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ግድም፣ ክሩን ያጠብቅ ጀመር። ከወዲያኛው ክፍል ግድግዳው ተደበደበ። «አንተ የሰው ፍጡር አይደለህም?» የሚል ተሰማ። ከዚያ በሩ በኃይል ተንኳኳና ፕሮክተሩ ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው ገቡ።

«ማነው?» አሉ፤ ክራሩ እጁ ላይ እያለ። «አምጣ!»

ሰጣቸው። ሊወጡ ዞሩና በሩ ላይ ቆሙ። ክራሩን አገላበጡት፣ ክሩን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ፊታቸው ቅጭም አለ። «ይኼ እኮ ቅኝቱ ተበላሽቷል» ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወሎዬ ነበሩ። መቃኛውን አንድ በአንድ ጠመዘዙና አምባሰል ገቡበት። ድምፃቸውን ሲለቁት እኔ ምን እንደምል አላወቅኩም። የሚደበድበው ልጅ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ መጥቶ «በሩን ክፈቱት እንጂ፣ ኮሪደሩም ይስማ» አለ። ካልኩለሱ በዚያው ቀረ።

ሲጨርሱ ተነሱ፣ ባትሪያቸውን አበሩ፣ ክራሩን ብብታቸው ስር ሸጎጡት።

«ጋሼ፣ ክራሩ…» አለ ጓደኛዬ።

«ደንብ ደንብ ነው» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በየሌሊቱ ከፕሮክተር ክፍል አምባሰል ይሰማ ጀመር። እንቅልፍ ያጡ የታችኛው ፎቅ ልጆች አቤቱታ ጽፈው ፊርማ አሰባሰቡ። ግን አቤቱታ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው።