ተመላላሽ እናት፦ አጭር ጥናት

ተመላላሽ እናት የሚባሉት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ግሪን ካርድ የያዙና ዓመቱን ለአዲስ አበባና ለዋሽንግተን ዙሪያ ከተሞች ከፋፍለው የሚኖሩ እናት ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በብዛት ይታያሉ። ስለ ዲያስፖራ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሳው ዶላር የሚልከው ወጣት ነው። ዶላር ላኪዋ በወለደች ጊዜ ገንፎውን ማን እንዳገነፋላት የጠየቀ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተነስቷል።

እናቲቱ አሜሪካ የሚገቡበት በር በሕግ የተከፈተ ነው። ዕድሜው 21 የሞላ አሜሪካዊ ዜጋ ወላጆቹን ማስመጣት ይችላል፤ ለወላጅ የሚሰጠው ቪዛም ዓመታዊ ኮታ የለበትም። ወንድምና እህት ግን ወረፋ ይይዛሉ፣ ወረፋውም ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ውጤቱ ለጥናቱ ትልቅ ግኝት ነው፦ ለመሄድ እንቅልፍ ያጣው ወንድም አሥር ዓመት ይጠብቃል፤ «ቤቴን ለማን ጥዬ?» የሚሉት እናት ወረፋ አይነካቸውም።

ወደ ምዕራብ የሚያስነሷቸው ምክንያቶች ወሊድ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና የሕፃናት ማቆያ ዋጋ ናቸው። ወደ ምሥራቅ የሚመልሷቸው ደግሞ ተዝካር፣ ፋሲካ፣ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይና የጎረቤት ልቅሶ።

የቀን ሒሳብ

በእናቲቱ ቦርሳ ውስጥ ያለው ካርድ ባለቤቱን «ቋሚ ነዋሪ» ይላል። ቋሚነቱ የሚለካው በቀን ነው። ከ180 ቀን በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊጠየቅ ይችላል። ዓመት ከሞላው ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ዓመት የሚያስቀር ጉዳይ ያለው ሰው ከመውጣቱ በፊት፣ እዚያው አሜሪካ ሳለ፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ይህን ብዙዎች የሚሰሙት አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው።

በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚሠራበት ሕግ ከዚህ አጠር ይላል፦ «በየስድስት ወሩ ረግጦ መውጣት ነው፣ ካርዱ አይቃጠልም።» የኢሚግሬሽን ሕግ በበኩሉ ስለ እግር የሚለው የለም፤ የሚጠይቀው ስለ ሐሳብ ነው። ሰውየው ኑሮዬ ብሎ የያዘው የት ነው? በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ መኮንኑ ይህንኑ በአስተርጓሚ ሲጠይቃቸው እናቲቱ በእውነት ይመልሳሉ፦ «ልጆቼ እዚህ፣ ቤቴ እዚያ።» መልሱ በየትኛውም ቅጽ ሣጥን ውስጥ አይገባም።

ክብደት

ወደ አሜሪካ በሚደረገው በረራ የተለመደው ፈቃድ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ቦሌ በኪሎ ይመዝናል፤ ደለስ በፓውንድ፣ 50 ፓውንድ ብሎ። ሃምሳ ፓውንድ 22.7 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ሦስት መቶ ግራም የሚሆን ልዩነት ይገኛል። ይህም አንድ ፌስታል ሚጥሚጣ ነው።

የሻንጣው ይዞታ ግን የእናቲቱ አይደለም። መሄዳቸው ከተሰማበት ቀን አንስቶ ሰፈሩ «ኪሎ ተርፎዎታል?» እያለ ይመጣል። «ትንሽ ነገር ናት፣ እትዬ፤ ለልጄ ሽሮ ናት።» ትንሿ ነገር አራት ኪሎ ትመዝናለች። እምቢ ማለት በዘርፉ አልተመዘገበም። በበረራው ሌሊት በቦሌ የመነሻ አዳራሽ ወለል ላይ ሻንጣዎቹ ይከፈታሉ፦ በርበሬው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይዛወራል፤ የጎረቤት ሽሮ በእጅ ቦርሳ ይገባል፤ ሁለተኛው ጋቢ ከመጀመሪያው ጋቢ ላይ ይደረባል። ሸኚው የወንድም ልጅ በእጅ ሚዛኑ ሻንጣውን አንጠልጥሎ «ሃያ ሦስት ከአራት!» ሲል እናቲቱ ቡናውን ያወጣሉ፣ ትንሽ ያስባሉ፣ መልሰው ይከቱታል። በምትኩ የራሳቸው ጫማ ይወጣል።

ደረቅ ቅመም አሜሪካ ይገባል፤ ቋንታ አይገባም። የሥጋ ክልከላውን በደለስ የሚያስፈጽመው የጉምሩክ ቢግል ውሻ ነው። ይህ ባለሥልጣን አማርኛ አይሰማም፣ ማባበያም አይቀበልም። ሻንጣው አጠገብ ዝም ብሎ ቁጭ ካለ ጉዳዩ ተወስኗል።

የመልሱ ጉዞ ሻንጣ ቪታሚን፣ ስኒከርና ስልክ ይዞ ይመለሳል። አልፎ አልፎም የቡና መፍጫ ይኖርበታል። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ስለሆነ መፍጫው አዲስ አበባ ላይ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በከፍተኛ ድምፅ ነው።

ሰዓት

የእናቲቱ የእጅ ሰዓት ልዩ ምርመራ ይገባዋል። ከቦሌ ሲነሱ ያልነኩት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይም የማይነኩት ሰዓት ነው። ልጆቻቸው «እማዬ፣ እናስተካክልልሽ» ሲሉ «ደህና ነው» ይላሉ። ጥናቱ ይህን አባባል በስሌት ፈትኖታል። በብርዱ ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በስምንት ሰዓት ትቀድማለች፤ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ደግሞ በሰባት። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ስለሚለይ፣ የግድግዳው ሰዓት ጠዋት 10 ሲል የእናቲቱ ሰዓት በብርድ 12፣ በሙቀት 11 ይላል። ስሕተቱ ሁለት ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቶቹ ይቀራረባሉ፤ ብቻ የእሳቸው የሚናገረው ስለ አመሻሽ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ የበለጠ ያስከፍላል። በመስከረም 1945 ዓ.ም. የተወለዱ እናት በፈረንጅ የ1952 ልጅ ናቸው፤ በየካቲት ከሆነ የ1953። ሳይመነዝር 1945 ብሎ ቅጽ የሞላ ሰው እናቲቱን በአንድ መስመር ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃቸዋል። ስሕተቱን ለማረም የልደት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እናቲቱ ያላቸው ማስረጃ «አብዮቱ ሲፈነዳ ታላቁ ልጄ በደረቱ ይሄድ ነበር» የሚል ነው።

ስም

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ሰጥቷል። ሕዝቡ ድንጋጌውን በአክብሮት ተቀብሎ በመደርደሪያ አስቀመጠው። በፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገቡት አያት ናቸው። በዚህ የተነሳ አባት፣ እናትና ልጅ በአሜሪካ መዝገብ ላይ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ይሆናሉ።

በክሊኒክ የመጠበቂያ ክፍል የሚታየው ይህ ነው፦ ነርሷ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ሚስስ ወልደሚካኤል!» ትላለች። እናቲቱ አይነሱም። ነርሷ ትደግማለች። «ነፍሳቸውን ይማር» ይላሉ እናቲቱ ለራሳቸው፣ አያታቸው እዚህ ድረስ መታወቃቸው እየገረማቸው፤ ተራቸውም ያልፋል።

ዜግነት

መመላለሱ የሰለቻቸው ልጆች «ዜግነቱን ይያዙና ይገላገሉ» ይላሉ። ለዚህ አምስት ዓመት የነዋሪነት ዘመን፣ ከዚያም ውስጥ 30 ወር በአካል መገኘት ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው ፈተና ለአረጋውያን ይቀራል፦ ዕድሜው 55 የሞላና 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአስተርጓሚ ሊመልስ ይችላል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው። በ62 ዓመታቸው አሜሪካ የገቡ እናት ይህን ቅናሽ በ82 ዓመታቸው ያገኙታል።

ከተሳካ ሌላው ወገን ይነሳል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጥረዋል። እናቲቱ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀትር የውጭ ዜጋ ሆነዋል። መድኃኒቱ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፦ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ የሚያስገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ የሚያሠራ፣ ቤት ለማፍራት የሚያስችል መታወቂያ ይሰጣል። መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። አዋጁ ከወላጅ፣ ከአያትም ሆነ ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረውን የውጭ ዜጋ ያቅፋል። ስለዚህ ከአማርኛ በቀር ሌላ የማያውቁት አያትና ከአማርኛ «እንጀራ» እና «ና» ብቻ የሚያውቀው የልጅ ልጅ በአንድ ዓይነት ካርድ፣ በአንድ ሰልፍ ቦሌ ይገባሉ።

ገንዘብ

የአሜሪካ ሕግ ዜጋውም ሆነ ባለ ግሪን ካርዱ በውጭ አገር ባንኮች ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ እንዲያሳውቅ ያዛል። 600 ሺህ ብር የኪራይ ገንዘብ ያጠራቀሙ እናት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ወቅት ይህን ግዴታ ሳያውቁ ተሸክመውት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥም ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። እናቲቱ አንድ ቅጽ ሳይሞሉ ለወደፊቱ ከግዴታው ነፃ ወጡ። የኪራይ ገንዘባቸው ግማሽ ያህል ዋጋ የት እንደገባ ለመረዳት ግን ጥቂት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ሦስተኛው ባለሥልጣን

ስለ ነዋሪነት የሚጻፉ ጽሑፎች ሁለት መንግሥታትን ብቻ ይቆጥራሉ። ጥናቱ ሦስተኛ አግኝቷል፦ እድር። የእድሩ የነዋሪነት መስፈርት ከሁለቱም ይጠብቃል። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ይህ በቴሌብር ስለሚከፈል አያስቸግርም። ቀብር መቅረት ግን ያስቀጣል፣ ድንኳን አለመቀመጥም እንዲሁ። ሕመም እንደ ምክንያት ይቆጠራል፤ «አሜሪካ ናቸው» ማለት ደግሞ በስብሰባ ያከራክራል። ግማሹ አባል «ሄደዋል እኮ» ይላል፤ ሌላው ግማሽ «ይመለሳሉ እኮ» ይላል፤ የኢሚግሬሽን ጠበቆች በብዙ ገጽ የሚከራከሩበት ነጥብ ይኸው ነው።

እድሩ ጉዳዩን የፈታው በወኪል ነው። የእህት ልጅ ድንኳን ትቀመጣለች፣ ንፍሮ ታድላለች፣ የአክስቷ ስም ሲጠራ «አቤት» ትላለች፤ በመዝገቡ ላይ እናቲቱ አልቀሩም። ስለዚህ ጥናቱ የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት የ30 ወሩን ግዴታ በዚህ መልክ እንዲያሻሽል ሐሳብ ያቀርባል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዳ በአክስቷ ፈንታ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆነች የእህት ልጅ አትጠፋም። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ተባዝቶ፣ ማኅተም ተደርጎበት ለመሥሪያ ቤቱ እንዲላክ ተወስኗል። ማኅተሙ ያለው በሊቀ መንበሩ እጅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለልጃቸው ምርቃት ዳላስ ሄደዋል።