ለመተኛት ስድስት ሰዓት በረራ

ሲያትል፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣
ጂንካ

ባለቤቴ ደህና ናት፤ ሆዷም ደህና ነው፤ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው በስልክ ላስረዳሽ ስሞክር «ደሴት» ካልኩ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። አንቺ ደግሞ «እስር ቤት» ብለሽ ሰምተሽ ጎረቤቱን በለቅሶ እንደጠራሽው እህቴ ነግራኛለች። አልታሰርኩም እማዬ። ለቀስተኞቹን ቡና አጠጥተሽ መልሻቸው። ነገሩን በወጉ እንድትሰሚው ብዬ ነው ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ይህን የላክሁልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ሴት ስታረግዝ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚላት የለም። «የት ልትሄዱ ነው?» ይሏታል። ባልና ሚስት ልጁ ሳይመጣ ሻንጣ ይዘው ወደ ሞቃት ደሴት ይበራሉ፤ አሸዋ ላይ ይጋደማሉ፤ የኮኮናት ውሃ ይጠጣሉ፤ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ቤቢሙን ይባላል። ከጫጉላ የሚለየው የሙሽራዋ እግር አብጦ ጫማ አልገባ ማለቱ ነው።

ይህ ሐሳብ ወደ ቤታችን የገባው በዕቁብ በኩል ነው። ዕጣው የደረሰኝ ዕለት ብሩን ምን እንደማደርግበት ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አንዱ ታክሲ ነጂ፣ «ጃማይካ ውሰዳት» አለኝ። «ጃንሆይ በ1958 ኪንግስተን ሲወርዱ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከብቦ ነው የተቀበላቸው። ኢትዮጵያዊ መሆንህን ካወቁ ምሳ አያስከፍሉህም።» ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም በጃንሆይ ስም ምሳ ልንበላ! ነርስ የሆነችው የዕቁባችን ጸሐፊ ግን መዝገቧን ዘጋችና፣ «ትንኙስ?» አለችው።

ትንኙ ዚካ የሚባል ቫይረስ ያመጣል። ነፍሰ ጡር ከያዛት የልጁ አንጎል ሳያድግ፣ ጭንቅላቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ 2015 ብራዚል ላይ ዓለም ጉድ ያለው በዚህ ነው። ስሙ ደግሞ የተገኘው ከሩቅ አገር እንዳይመስልሽ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1947 መጀመሪያ የታየበት የኡጋንዳ ጫካ ስም ነው። የምታስተላልፈው ትንኝ ቢጫ ወባንም የምታስተላልፈው ናት። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ላይ ቢጫ ወባ ገብቶ፣ ሰኔ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው ክትባት ሊሰጡ የመጡትን ታስታውሻለሽ? የእሷው ወገን ናት፤ አሁን መዋኛ ልብስ ለብሳ ነው የምትጠብቀን። ጃማይካ በዚያው ቀረች። ዚካ እዚያው ከትንኝ ወደ ሰው ሲተላለፍ ያልተገኘበት ሃዋይ ተመረጠ፤ ከሃዋይም ማዊ የምትባለው ደሴት።

ወደ አንዲት የጉዞ ወኪል ሄድን። ፓኬጅ አላቸው። ባህር የሚያይ ክፍል፣ ቁርስ አልጋ ድረስ፣ ማታ የአገሬው ጭፈራ፣ ለባልና ለሚስት ጎን ለጎን ማሳጅ። ነፍሰ ጡሯን በጎኗ አጋድመው፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርገው ነው የሚያሿት፤ ይህ ደግ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ግን ባልየውም ይታሻል። «ምን ተሸክሞ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔም ጠየቅኋት። «ጭንቀት» አለችኝ። ዋጋውን ስታሳየኝ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ።

(ይህን የምታነብላት የእህቴ ልጅ፣ ቀጣዩን አንቀጽ ቀስ ብለህ አንብብ። ሳቅ ከጀመራት ሌላውን አታስጨርስህም።)

ሪዞርቱ ሙቅ ገንዳ አለው፤ ነፍሰ ጡር አትገባበትም፤ ሰውነቷ ከመጠን በላይ ከሞቀ ለጽንሱ አይሆንም። ጥሬ ዓሣ አላቸው፤ አትበላም። በአናናስ ውስጥ የሚቀርብ መጠጥ አላቸው፤ አትጠጣም። ሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል ላይ መንሳፈፍ አለ፤ እሱማ አይነሳ። እንግዲህ ገንዳው ውስጥ የምገባው እኔ፣ ዓሣውን የምበላው እኔ፣ አናናሱን የምጠጣው እኔ ነኝ። እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታየኛለች። ለነፍሰ ጡር የተዘጋጀ መዝናኛ ማለት ይኸው ነው፤ ባሏ ሲዝናና ማየት።

በረራው ከሲያትል ማዊ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሐኪሞች ለጉዞ የሚመርጡት ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ነው፤ ማቅለሽለሹ አልፎ ሆዱ ገና ሳይከብድ ማለት ነው። ከ36ኛው ሳምንት በኋላ አብዛኞቹ አየር መንገዶች አያሳፍሩም። የመዝናኛ መርከቦችማ 24ኛውን ሳምንት ካለፈች ጭራሽ አይቀበሏትም። አውሮፕላን ውስጥ እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋ በየጊዜው ተነስታ መራመድ፣ ውሃ መጠጣት፣ ቀበቶውን ከሆዷ ዝቅ አድርጋ ማሰር አለባት። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳነብላት አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። እኔን ሰባት ወር አርግዘሽ ከኮንሶ ስትመለሺ አይሱዙ ላይ፣ በጤፍ ኬሻ መካከል ተቀምጠሽ፣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ወይጦ በረሃ አደራችሁ አይደል? የእኔ ቤቢሙን እሱ ነበር። ሙቀቱም ነበር፤ አሸዋውም ነበር፤ ትንኙም ነበር።

የማታው ጭፈራ ነገር ደግሞ አላስተኛኝም። በአበባ ጉንጉን ይቀበሉሻል፤ ምሽት ላይ አገሬዎቹ በባህል ልብሳቸው ይጨፍራሉ፤ እንግዳው እየበላ ያያል፤ ፎቶ ያነሳል። የማን ልጅ መሆኔን ረስቼ ነው? ቅዳሜ ገበያ ላይ ፈረንጅ ባየሁ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልኩ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ለመለመን የሮጥኩ ልጅ ነኝ። ፈረንጆች ማጎ ወርደው ሙርሲዎችን በፎቶ ሒሳብ ሲከራከሩ ጎረምሳ ሆኜ አይቻለሁ። ሙርሲዋ ጣቷን እያነሳች በጠቅታ ነው የምትቆጥረው፤ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁለቴ ያነሳ ፈረንጅ ከእሷ ጋር ይዋጣለታል። አሁን ካሜራውን የምይዘው እኔ ልሆን ነው። ማዊ ላይ ባዶ ፕላስቲክ የሚለምነኝ ልጅ ቢመጣ ምን እንደምለው አስቤ ጨርሻለሁ፤ ከነውሃው እሰጠዋለሁ።

ለጉዞው ኮፍያ ልንገዛ የወጣን ዕለት አበባና ችግኝ የሚሸጡበት ቤት ገባን። በር ላይ በትልቅ ሸክላ ማሰሮ የተተከለ፣ ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላ ነገር ቆሟል። ጠጋ ብዬ ባየው እንሰት ነው! የእኛው እንሰት፤ አንቺ በየዓመቱ ከጓሮ እያወጣሽ ቆጮ የምትፍቂው። ዋጋው አርባ ዶላር። የአቢሲኒያ ቀይ ሙዝ የሚል ወረቀት አንጠልጥለውበታል፤ «ቅጠሉ ሞቃት ደሴት ላይ ያሉ ያስመስልዎታል፤ በክረምት ወደ ቤት ያስገቡት» ይላል። ሻጩን «ትፍቁታላችሁ?» ብለው ግራ ተጋብቶ ውሃ ማጠጫ አሳየኝ። ባለቤቴ ቅጠሉን በእጇ ደባብሳ፣ አሽትታ፣ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሰውየው ዋጋው ከብዷት መስሎት ወደ ሠላሳ አምስት አወረደላት።

ከዚያን ዕለት በኋላ ነው ነገሩ የተገለባበጠው። አምሮቷም የተነሳው ያኔ ነው፤ ዝናብ የመታው አፈር ልሽተት አለች። ሲያትል ዝናብ መች ጠፍቶ! እንደ ጂንካ ሲያካፋ ይውላል፤ ግን መሬቱ ሁሉ አስፋልት ስለሆነ አይሸትም። በቢልቃጥ የተሞላ የዝናብ ሽታ ፈልጌ አጣሁ፤ በኋላ እንሰቱን ገዛንና ማሰሮውን ማሽተት ጀመረች።

እኔ እንደምታውቂው ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነኝ። በጂንካ መሐል ባለ ሣር ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወትን፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብት እያባረርን ያደግን ልጆች ወዴትም ብንሄድ ከአውሮፕላን ሥር አንወጣም። ወደ ሃዋይ የሚሄደውን ሻንጣ ስጭን ነፍሰ ጡሮቹን አያለሁ። ደክሟቸዋል። ለምን ሆድ ይዘው ባህር እንደሚያቋርጡ የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅሁት፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። «ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለማ!» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አይደለም እማዬ። እዚህ አገር በደህና የወለደች ሴት በሁለተኛው ቀን ገደማ ከሆስፒታል ትወጣለች። ልጁን በመኪና ወንበሩ ላይ አስረው ይሸኟታል፤ ቤቷ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ማንም የለም። ገንፎ ይዛ የምትገባ የለችም፤ አጥሚት በፔርሙስ የምትልክ የለችም፤ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እይዘዋለሁ» የምትል የለችም። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባለው በቴክስት ነው። የመላ አገሪቱ ሕግ እንደ ፈረንጆቹ ከ1993 ጀምሮ የሚፈቅደው 12 ሳምንት ፈቃድ ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ያውም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። ደግነቱ የእኛ ግዛት በእነሱው አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ በፈቃዱ ጊዜ ገንዘብ ይከፍላል። ከወለዱ በኋላ የሚያሳርፋቸው እንደሌለ ስለሚያውቁ ነው ዕረፍቱን አስቀድመው በዱቤ የሚወስዱት። በፊት ስቄባቸዋለሁ፤ አሁን ያሳዝኑኛል።

የእኛ ደግሞ ሁሉ ሙሉ ነው እያልኩሽ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ለአባትየው 3 ቀን። ግን አዋጁ ደመወዝ ላላት ነው፤ ማሽላ ለምትፈጭ የሐመር ሴት ምኗ ነው? ለእሷ የሚሻለው ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ነው። ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል እንደ ፈረንጆቹ 1976 ከጀመረው ወዲህ በየአገሩ ተሠርቷል። ሩቅ ያለች ነፍሰ ጡር ምጧ ሳይደርስ መጥታ ትቀመጣለች፤ ቡናዋን ታፈላለች፤ ገንፎዋን ታገነፋለች፤ ከሌሎች ሆደ ትልልቆች ጋር ታወጋለች። ባህር አያይም እንጂ ሪዞርት ማለት እሱ ነበር። ደሴት ካልሽ ደግሞ የኦሞ ውሃና የቱርካና ሐይቅ እየሞሉ ዳሰነች ውስጥ ስንቱን መንደር ደሴት አድርገውታል። ከዚያ ነፍሰ ጡር በጀልባ የሚያወጡ ሰዎች የእኔን የማዊ ወሬ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን?

ባለቤቴ ፍርዷን ሰጥታለች። «አራት ቀን አሸዋ ላይ ከምተኛ አርባ ቀን አራስ ቤት ልተኛ። የዕቁቡን ብር ለእናትህ ቲኬት አድርገው» አለችኝ። ማዊን ሰረዝን። ደሴቱ እንዳይቀርብኝ አዝና መሰለኝ፣ ቅዳሜ ቫሾን የምትባል ደሴት እንሄዳለን፤ በመርከብ ሃያ ደቂቃ ያህል ናት። ብርድ ናት፤ ዝናብ ናት፤ ሻይ በፔርሙስ ይዘን ሄደን እንመለሳለን። ማሳጁን እኔው እሠራዋለሁ፤ ጭንቀቴ ሳይታሽ ይቆያል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጥሪ ደብዳቤውንና ወረቀቶቹን አብሬ ልኬያለሁ፤ እህቴ በፌስታል ጠቅልላ ታስቀምጣቸው። ከጂንካ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ነይ፤ በመኪና አትምጪ፤ ወገብሽን አውቀዋለሁ። ኤምባሲ ሲጠይቁሽ የሆነውን ብቻ ተናገሪ፤ ምራቴን አርሼ፣ የልጅ ልጄን ስሜ ልመለስ ነው በያቸው። ሻንጣሽ ውስጥ የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬና ከቅዳሜ ገበያ የተመረጠ የአሪ ኮረሪማ አድርጊ። ቋንጣ እንዳትይዢ፤ ሥጋ አያስገቡም፤ በልብስ ጠቅልለሽ ብትደብቂውም ውሻቸው ያገኘዋል። እንሰት እንዳታመጪ፤ አለን።

መውለጃዋ የካቲት መጨረሻ ነው። የኤምባሲው ቀጠሮ ይርቃልና ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ሳምንት ለፓስፖርትሽ አመልክቺ።

ልጅሽ