የጥላ ያለህ!

እናንተ የእኔ ዘመን ሰዎች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ዘንድሮ ሠርግ ተጠርታችሁ፣ ፎቶው በስልክ ሲላክላችሁ ማን ማን እንደሆነ ለይታችኋል? እኔ አልለየሁም። ሁሉም ያበራል። ሙሽሪት ታበራለች፣ ሚዜው ያበራል፣ ዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያንጎላጅ የዋለው የሙሽሪት አጎት እንኳ ጉንጩ እስኪያብለጨልጭ ያበራል። ዋርካ ሥር እኮ ነው! በቀትር! «ጥላው የት ገባ?» ብዬ የልጅ ልጄን ብጠይቀው «አባባ፣ ሻዶውን ከፍ፣ ሃይላይቱን ዝቅ አድርጌው ነው» አለኝ።

ጥላ ከፍ ይላል እንዴ፣ ወገኖቼ? እኛ የምናውቀው ጥላ በጠዋት የሚረዝም፣ በቀትር እግር ሥር የሚሰበሰብ ነው። አያቶቻችን የጾም መፍቻ ሰዓትን የሚያውቁት ቆመው ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር። ዛሬ ጥላ በጣት ከተጎተተ፣ ጾሙ በስንት ሰዓት ሊፈታ ነው?

ልጁ ደግሞ ማስረዳት አይታክተውም። ኮምፒውተሩ ፎቶውን ወደ ጥቃቅን ነጥብ ይበትነዋል፤ ለየነጥቡም ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይሰጣል። 0 ድቅድቅ ጨለማ፣ 255 ወለል ያለ ነጭ። ሻዶ የምትባለዋን መጎተቻ ሲጎትታት በጨለማው ወገን ያሉትን ብቻ ለይታ ታነሳለች፣ ሃይላይቷ የነጩን ወገን ታወርዳለች። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት ቶማስና ጆን ኖል የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። ፎቶሾፕ የሚሉትን ነገር ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ዋለ። የጥላና የብርሃኑ ትእዛዝ ደግሞ በ2003 ተጨመረበት። ሁለት ወንድማማቾች ከተስማሙ ሌላ የሚሠሩት አጡ? የእኔ ወንድሞች እንዲያ ቢስማሙ ይኼኔ የአባታችንን ቦታ በተካፈልን ነበር።

«አባባ፣ የእኛ ሰው እኮ ለካሜራ ፈተና ነው» ይለኛል። «ፊቱ ጠይም፣ ልብሱ ነጭ። ለፊቱ ብለህ ብርሃን ስትጨምር የነጠላው ጥለት ይጠፋል፤ ለነጠላው ብለህ ስትቀንስ ፊቱ ይጠፋል።» ይጥፋ! ድሮ ምርጫ ነበረ፤ ወይ ልብስህ ይታያል ወይ ፊትህ። በእኔ ሠርግ ፎቶ ላይ ኩታ ለብሰው የተደረደሩት ሽማግሌዎች የአንዳቸውም ፊት አይታይም፤ ክቡራን መሆናቸው ግን ከሩቅ ያስታውቃል። የኮዳክ ፊልም ሲታተም ቀለሙ የሚስተካከለው ሸርሊ በምትባል ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፣ ስለዚህ ነው ጥቁር ሰው የሚጨልመው ይለኛል። ታዲያ እሷ አምራ እኛ ብንጨልም ምን ቸገረን? እኛ እንደሆን እንተዋወቃለን።

ደግሞስ ድሮ ፎቶ ያልተነካካ፣ እውነተኛ ነበር። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የምኒልክን፣ ልጁ ቶኒ የጃንሆይን ፎቶ ሲያነሱ ሙያ ሙያ ነበር። ለእኛ ለተራዎቹም ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረልን። ትገባለህ፤ ከኋላህ ሐይቅና አበባ የተሳለበት ሸራ ተወጥሯል። ሚስማር ላይ ለመጣው ሁሉ የሚሆን አንድ ኮትና አንድ ከራቫት ተሰቅሏል። አገጭህን በጣቱ ቀና አድርጎ «እንዳትተነፍስ!» ይልሃል፣ አትተነፍስም። ከዚያ ኔጋቲቩ ላይ በሾለ እርሳስ ተጎንብሶ የፈንጣጣህን ጠባሳ አንድ በአንድ ይደፍናል። ሲታጠብም ከንፈርህን በቀለም ቀላ፣ ከራቫቱን ሰማያዊ ያደርግልሃል። እናቴ ፎቶዬን አይታ «ይኼ የማን ልጅ ነው?» አለች። እንዲህ ነበር እውነተኛ ፎቶ!

ፎቶ አንሺው ወዳጄ ስለነበር ጨለማ ክፍሉ ድረስ ገብቼ አይቻለሁ። በቀይ አምፖል ብቻ ነው የሚሠራው። ሽቦ ጫፍ ላይ ክብ ካርቶን አጣብቆ፣ ከማጉያው በሚወርደው ብርሃንና በወረቀቱ መካከል ፊቴ ላይ ያወዛውዛታል። ወረቀቱ ብርሃን በጠጣ ቁጥር ይጠቁራል፤ ስለዚህ ካርቶኗ ጥላ ስትጥልብኝ ፊቴ ይፈካል። ወዲያው ሁለት እጁን ገጥሞ በጣቶቹ መሐል ባለችው ቀዳዳ ነጠላዬ ላይ ብርሃን ይጨምራል፣ ነጥቶ የጠፋው ጥለት ቀስ ብሎ ይወጣል። ፊቴም ይታይ ነበር፣ ጥለቴም ይታይ ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ፎቶሾፑን ከፍቶ ያችኑ ካርቶንና ያንኑ የተጨበጠ እጅ በትንንሹ ተስለው አሳየኝ። «አንድ ናቸው እኮ አባባ!» አንድ አይደሉም። ያኛው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር።

ደግነቱ ማሽኑም ልክ አለው። ጥላውን አለልክ ከጎተቱት ጨለማው ቀይና አረንጓዴ ሽፍታ ያወጣል፤ የእንጦጦ ጫፍ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበትም ነጭ ክር ይዞራል። ነጩ 255 ደርሶ ከተቃጠለማ ቢጎትቱት ቢጎትቱት አመድ ከመምሰል በቀር የሚመልሰው የለም። ልጁ በዚህ ሲናደድ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል።

ለፋሲካ ሁላችንም የተነሳነውን ፎቶ አሳጥበን ሳሎን ልንሰቅል ነው። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አስጠነቀቅሁት፤ «በዚህ ፎቶ ላይ ማጭበርበር አልፈልግም፣ እንደተነሳ ይውጣ!» አልኩት። ከዓይኔ ሥር ያለችዋን ብቻ ትንሽ ከፍ ቢያደርጋት አይከፋኝም፤ እሷ የእኔ ጥላ ሳትሆን የባርኔጣው ናት። ራሴም ላይ ፀሐዩ በርትቶ ነው እንጂ ያን ያህል ሽበት የለብኝም፣ እሱንም ዝቅ ያድርገው። አማቼን ግን እንዳትነካው ብዬዋለሁ፤ እሱ ጥላው ያምርበታል።